የአቆስጣዋ ግራ ጎን

"ሥራህ ምንድን ነው?" ለሚለኝ ሰው "ኮምፒውተር ላይ ነው" ብዬ የማልፍበት ጊዜ ነበር። ዝርዝሩን ብናገር ያሾፍኩበት ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ ናይሮቢ ፓርክላንድስ፣ ከሥሩ የጨርቅ መሸጫ ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ከሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ባሕር ዳር የሚላኩ የእንስሳ ፎቶዎችን እያየሁ "ይቺ እንትና ናት፣ ይቺ ደግሞ እንትና አይደለችም" እያልኩ ደሞዝ እበላ ነበር።

እንስሳዋ ፈረንጆቹ "ሲል" የሚሏት ናት። በአማርኛ አቆስጣ እንደምትባል የነገረችኝ እህቴ ሂሩት ነች፤ የመዘምራን ሰው ስለሆነች የማታውቀው የጥንት ቃል የለም። አቆስጣ ባሕር ውስጥ ስታድን ትቆይና ዓለት ላይ ወጥታ ተዘርራ ትውላለች። እግር በሚሆነው ቦታ መቅዘፊያ ነው ያላት፤ ሰውነቷ ስብ ነው። ሴቶቹ አንገታቸውና ጎናቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። የአንዷ ነጠብጣብ ከሌላዋ አይመሳሰልም፤ የራሷም ግራ ጎን ከቀኝ ጎኗ የተለየ ነው። መታወቂያቸው ይኸው ነው።

ፎቶውን የሚያነሳው ሕዝቡ ነው። ውሻውን የሚያናፍሰው፣ ቱሪስቱ፣ ጡረተኛው፣ ያየውን በስልኩ አንስቶ እዚያ ላለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ይልካል። ማኅበሩ ለእኛ ያስተላልፋል። እኛ ከመዝገቡ ጋር አስተያይተን ቁጥሯን እንነግራቸዋለን። ማን ወለደች፣ ማን ተመለሰች፣ ማን ጠፋች የሚለው የሚታወቀው በዚህ ነው። ቢሮው ውስጥ ካለነው አብዛኞቹ የመኪናና የመንገድ ፎቶ ላይ ነበር የሚሠሩት፤ አቆስጣዎቹ ለእኔና ኦቲየኖ ለሚባል ኬንያዊ ባልደረባዬ የተሰጡ ነበሩ።

ናይሮቢ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የጉርድ ፎቶ አስተካካይ ነበርኩ። ብጉር አጠፋለሁ፤ ኮት የሌለውን ኮት አለብሳለሁ፤ ጨፍኖ የተነሳውን ዓይን እከፍታለሁ። አራት ዓመት ፊት ሳገላብጥ ስለኖርኩ አንዴ ያየሁትን ፊት አልረሳም ብዬ እኮራ ነበር፤ ይህንንም ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ሂሩት ኢምባካሲ ኤርፖርቱ አጠገብ ካርጎ ውስጥ ትሠራለች። እሷ ጋ ነበር የምኖረው። ጠዋት ጠዋት ማታቱ በሚሏቸው ሁለት ሚኒባሶች ተሳፍሬ ፓርክላንድስ እገባለሁ።

በደንቡ መሠረት አቆስጣዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። እኔ ግን በሆዴ በሰፈሬ ሰዎች ስም እጠራቸው ነበር። ቁጥር 212 እትዬ አሰለፈች ነበረች። እውነተኛዋ እትዬ አሰለፈች ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በራቸው ላይ ተደላድለው አላፊ አግዳሚውን በአንድ ዓይን የሚታዘቡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ 212ም ልክ እንደሳቸው ነበር አተኛኘቷ። ይህ ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞባት በጎ ፈቃደኞቹ በጀልባ ሄደው ቆርጠውላታል። ጠባሳው አንገቷን ዞሮ ቀርቷል። እኔ እሷን ሺህ ሴት መሀል እለያታለሁ እል ነበር።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ኅዳር ላይ። ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ስገባ አስቸኳይ የሚል ቀይ ምልክት ያለበት ጥያቄ ጠበቀኝ። አንድ ቱሪስት በዋለበት ያነሳውን ፎቶ ማታውን ልኳል። ሰውዬው ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ራሱን ሲያነሳ ከኋላው ዓለት ላይ አንዲት አቆስጣ ተኝታለች። አንገቷ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። የማኅበሩ አስተባባሪ ጥያቄ አጭር ነበር፦ "ይህ አዲስ መረብ ነው ወይስ የ212 የድሮ ጠባሳ? አዲስ ከሆነ ጀልባ እናወጣለን። ዛሬ ውሃው የሚመቸን ጠዋት ብቻ ስለሆነ በእናንተ ሰዓት እስከ አምስት ተኩል መልስ እንፈልጋለን።"

"ለምን ዝም ብለው ጀልባውን አያወጡም?" ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር የምለው። ወቅቱ የመውለጃ ወቅት ነው። ጀልባ ሲጠጋ እናቶቹ ደንግጠው ወደ ባሕር ይሮጣሉ፤ ግልገሎቹ ይረገጣሉ፤ አንዳንዷ እናት በዚያው ሄዳ ቀርታ ልጇ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ "ውጡ" ማለትም "አትውጡ" ማለትም ነፍስ አለበት። ለዚህ ነበር ጥብቅ ደንብ የወጣለት፦ ጀልባ የሚያስቀር መልስ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አይተው ካልተስማሙ በስተቀር አይላክም። ሁለተኛው ሰው ኦቲየኖ ነው።

ኦቲየኖ ደግሞ ያን ቀን የለም። ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ግማሽ ቀን ጠፍቷል። በወረቀት ፈቃድ አልጠየቀም፤ ቀሪ እንዳይባል በእሱ የይለፍ ቃል ገብቼ ትንሽ የመኪና ፎቶ እንድሠራለት ነግሮኝ ነበር። ይህ ቢሮው ውስጥ የተለመደ ነው። አንተ ስትቸገር እኔ እሸፍናለሁ፣ እኔ ስቸገር አንተ። ውለታ እንጂ ወንጀል መስሎን አያውቅም።

ሥራውን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደንብ የሰው ፊት ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ቱሪስቱ መታየት የለበትም። ፎቶውን ከአቆስጣዋ በቀር ምንም እንዳይቀር አድርጌ ቆረጥኩት። ከዚያ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። ኮምፒውተሩ ይመሳሰላሉ የሚላቸውን አምስት ዕጩዎች ይደረድራል። አንደኛዋ 212 ነበረች፤ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ደካማ ግምት ነው ብሎ ቢጫ አድርጎባታል። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ቢጫ። ፎቶው ሩቅና ደብዛዛ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስት ነጠብጣብ፣ ከሥራቸው አንዲት ጭረት። የ212 ቀኝ አንገት ላይ ሦስት ነጠብጣብና አንዲት ጭረት አለ። አራተኛ ነጠብጣብ መኖር ነበረበት፤ እሱን ጥላ ይሆናል የጋረደው አልኩ። እትዬ አሰለፈችን አጥቼ?

ከአራት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ወይዘሮ ኤድና ናቸው። ወይዘሮ ኤድና እዚያው ባሕር ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በየቀኑ ገደሉ ጫፍ ላይ እየተራመዱ ፎቶ የሚልኩልን እሳቸው ነበሩ። የእኔንና የኦቲየኖን ቁጥር ይዘው ስለነበር አንዳንዴ ስለ ናይሮቢ አየር ሁኔታ ይጠይቁናል።

"212 ናት የሚል ወሬ ሰማሁ" ይላል መልእክቱ። "ትናንት ሲመሽ በመነጽር አይቻታለሁ። 212ን ዘጠኝ ዓመት አውቃታለሁ። ይቺ እሷ አይደለችም። አንገቷን የምትይዝበት ሁኔታ ሌላ ነው። አሟታል።"

ሳነበው ፈገግ አልኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም። ሠለጠንኩ ብሎ አሮጊት የሚያርም ሰው ፈገግታ ነው።

"ወይዘሮ ኤድና፣ እኛ የምናየው ነጠብጣቡን ነው" ብዬ ጻፍኩላቸው። "አንገት አያያዝ ማስረጃ አይሆንም። የተሻለ ፎቶ ካለዎት ይላኩልኝ። ያለ ፎቶ ግን ልሰማዎት አልችልም።"

ትንሽ ቆይተው "እሺ" ብለው መለሱ።

አምስት ሰዓት ሲሆን አለቃችን ዋንጂሩ ከመስታወት ክፍሏ ብቅ አለች። ዋንጂሩ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር፣ ግን የጠየቀችውን ሳትሰማ የማትሄድ ሴት ናት።

"በረከት፣ የአቆስጣዋ ነገር የት ደረሰ?"

"አልቋል። 212 ናት፤ የድሮ ጠባሳ ነው።"

"ኦቲየኖ አይቶታል?"

"እያየው ነው" አልኩ። ቀና ብዬም አላየኋት።

ዞር ስትል በኦቲየኖ ስም ገባሁ፤ "እስማማለሁ፣ 212" ብዬ ጻፍኩ፤ ላክሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ብዙ ሰው ጥፋት ሲሠራ ውስጡ የሚነግረው ይመስለዋል። እኔን የነገረኝ የለም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ "ጀልባው ቀርቷል፣ እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣ።

ኦቲየኖ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ላብ አጥልቆት ገባ። ልጁ እንደተመዘገበች ነገረኝ። እኔም እንደ ቀልድ "በነገራችን ላይ ዛሬ ጠዋት በ212 ጉዳይ ከእኔ ጋር ተስማምተሃል" አልኩት።

አልሳቀም። "የመኪናውን ነው እኮ ሥራልኝ ያልኩህ" አለ።

"ሰዓት ደረሰብኝ።"

"እስቲ አሳየኝ።"

የቆረጥኩትን ፎቶ አሳየሁት። አየውና "ዋናውን" አለ። ዋናውን ከፈትኩለት። ቱሪስቱ ጥርሱን ገልፍጦ፣ ቆብ አድርጎ፣ ከኋላው ባሕሩ። ኦቲየኖ ጣቱን የሰውዬው ቆብ ላይ አደረገ።

"ብሮ፣ ይህን አንብብልኝ።"

ቆቡ ላይ ጽሑፍ አለ። ላነበው ሞከርኩ። ፊደሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበሩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው ራሱን ያነሳው በስልኩ የፊት ካሜራ ነው። የፊት ካሜራ አንዳንዱ እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጣል። ቀኝ ያልኩት ጎን ግራ ነበር። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፎቶ ቤት ሳለሁ "ይሄ እኔን አይመስልም" ብሎ ለሚጨቃጨቀኝ ደንበኛ ሁሉ "ራስህን የምታውቀው በመስታወት ስለሆነ ነው" እያልኩ ፎቶውን ገልብጬ የማሳየው እኔ ነበርኩ።

ፎቶውን መልሼ ገለበጥኩትና እንደገና ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። አሁን ቢጫ የለም። አንድ ስም ብቻ፣ አረንጓዴ። ቁጥር 87፣ ግራ ጎን። መረብ ነክቷት የማያውቅ ወጣት እናት። ከአራት ቀን በፊት ከግልገሏ ጋር ሆና ወይዘሮ ኤድና በሩቁ አንስተዋታል። አንገቷ ላይ ያለው እንግዲህ ጠባሳ ሊሆን አይችልም።

ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ሰዓት ነበር።

"ሂድ ንገራት" አለ ኦቲየኖ በዝግታ። "አሁኑኑ።"

ልነሳ ነበር። አልተነሳሁም። ለምን እንዳልተነሳሁ ልንገራችሁ። የሥራ ፈቃዴ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ለማሳደስ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። የሚፈርመው ዳይሬክተር ቢሮ የሚመጣው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ ዋንጂሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በሰው ስም ገብቶ ሐሰት የመዘገበ ሠራተኛ ደብዳቤ ይፈረምለታል? ፈቃድ ከሌለኝ ደግሞ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ሂሩት ላይ ሸክም ሆኜ እመለሳለሁ፤ ወይም ጠቅልዬ አገሬ እገባለሁ።

"ይፈረምልኝና እነግራታለሁ" አልኩት።

ኦቲየኖ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። እሱም በስሙ የተሠራ ነገር ስለሆነ ፈርቷል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል።

"እንስሳዋስ?"

"የዛሬው ውሃ አልፏል። ጀልባው ዛሬ አይወጣም፤ ነገ ጠዋት ነው የሚወጣው። አሁን ብነግራቸውም፣ አሥር ሰዓት ላይ ብነግራቸውም ለእሷ ለውጥ የለውም።"

ሒሳቡ ልክ ነበር። እስካሁን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ልክ ነው። ለአቆስጣዋ ያ ሁለት ሰዓት ምንም አልጨመረም፤ ምንም አልቀነሰም። ሒሳቡ ውስጥ ያላስገባሁት ወይዘሮ ኤድናን ነው።

ዳይሬክተሩ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል የተባለው ዘጠኝ ከሩብም አልመጣም። ዌስትላንድስ ላይ መንገድ ተዘጋግቷል አሉ። ኦቲየኖ እያየኝ ቶሎ ዓይኑን ይመልሳል። እኔ የመኪና ፎቶ ከፍቼ ጎማ ላይ ክብ እሠራለሁ። አንድ ጊዜ ስልኬን አንስቼ ለወይዘሮ ኤድና "ትክክል ነበሩ" ብዬ ልጽፍ ጀመርኩ። ከዚያ ለአስተባባሪው ቢነግሩትስ፣ እሱ ለዋንጂሩ ቢደውልስ ብዬ አጠፋሁት። ይህን ማንም አያውቅም፤ ኦቲየኖም አላየም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ የጠፋ መልእክት ነው።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደብዳቤው ተፈረመ፤ ማኅተም ተመታበት። ዋንጂሩ ራሷ አምጥታ ሰጠችኝና "አሁን ተረጋግተህ ትተኛለህ" አለችኝ። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁና አሥር ሰዓት ሲል ክፍሏ ገባሁ።

"ስህተት ሠርቻለሁ" አልኳት። ስለ ቆቡ፣ ስለ 87፣ በኦቲየኖ ስም ስለመግባቴ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሁሉንም አልኩ እንጂ አንዱን አስቀርቻለሁ።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለችኝ።

"አሁን፤ ኦቲየኖ ዋናውን ፎቶ ሲያይ።"

ኦቲየኖ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሟል። አላረመኝም።

ዋንጂሩ ወዲያው አስተባባሪው ጋ ደወለች። እዚያ ገና ሰባት ሰዓት ነው፤ ከእነሱ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሰውዬው አልተቆጣም። ነገ ጠዋት ጀልባው እንደሚወጣ ነገራት። ቀጥሎም "ኤድናን ይቅርታ ልጠይቃት፤ እሷ ብላን ነበር" አለና ስልኩን ዘጋው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ወይዘሮ ኤድና ስልካቸውን አያነሱም። ጎረቤታቸውን ጠይቋት፣ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከሰዓት በፊት ወደ ባሕሩ ሲወርዱ እንዳየቻቸው ነግራዋለች። በገደሉ ጫፍ ሳይሆን በታችኛው የድንጋይ መንገድ። በዚያ መንገድ ከወረዱ ዓመታት አልፏቸው ነበር።

"ለምን በታች ሄደች?" አለ ድምጹ ከስልኩ ውስጥ። "ከላይ ሆኖ የሚታየው የአቆስጣዋ ቀኝ ጎን ብቻ ስለሆነ ነው?"

ዋንጂሩ እኔን አየችኝ። ስልኬን ከፍቼ የጠዋቱን መልእክት አሳየኋት፤ "የተሻለ ፎቶ ካለዎት ይላኩልኝ" የሚለውን። አንብባ መለሰችልኝ። ያን ጊዜ ብትቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሊፈልጓቸው ወጡ። ውሃው እየሞላ ነው፤ እዚያ ክረምት ስለሆነ ፀሐይዋ ቶሎ ትጠልቃለች። እኛ ሦስታችን ናይሮቢ ላይ መስኮቱ ሥር የማታቱ ረዳቶች ሲጮሁ እየሰማን ስልክ ከበን ተቀመጥን። ሌላው ሠራተኛ ቦርሳውን እያነሳ ወጣ። ዋንጂሩ አንድ ጊዜ ብቻ "ፖሌ" አለችኝ፤ አይዞህ እንደማለት ነው። ልቀበላት አልቻልኩም። ጸለይኩ፤ ግን ጸሎቴ እንኳ ንጹሕ አልነበረም። ይትረፉ እያልኩ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ስንት ሰዓት እንደወረዱ አይታወቅ እያልኩ ነበር።

ስልኩ የጮኸው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አግኝተዋቸዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ በሁለት ዓለት መሀል ወድቀው፣ ውሃው ወገባቸው ድረስ ደርሶ፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነው ያገኟቸው። ካሜራውን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ይዘውት ነበር አሉ። ሲያነሷቸው የተናገሩት ነገር ቢኖር "ናይሮቢ ላለው ልጅ ላኩለት" የሚል ነው።

ዋንጂሩ አለቀሰች። ኦቲየኖ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

ፎቶዎቹ ያን ምሽት መጡ። ሰባት ነበሩ። እንዲህ የጠራ የግራ ጎን ፎቶ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። አረንጓዴው መረብ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ ነጠብጣቦቹም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቁጥር 87። በማግሥቱ ጠዋት ጀልባው ወጥቶ መረቡ ተቆረጠላት፤ ግልገሏም አብሯት ነበር።

ያን ማታ ኢምባካሲ ስገባ ሂሩት ደብዳቤውን ተቀብላ ማኅተሙን አየችና "ተመስገን፣ አሁን ኢሚግሬሽን ስታምፕ ብቻ ነው የቀረህ" ብላ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ከዚያ የሆነው ነው እንግዲህ የማይለቀኝ። አንዱ በሌላው ስም መጠቀማችን ለእኔም ለኦቲየኖም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አሰጠን፤ ይገባናል። ከሳምንት በኋላ ግን ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣና ዋንጂሩ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አነበበችው። ባልደረባችሁ ስህተቱን እንዳወቀ ወዲያው በድፍረት ባይናገር ኖሮ ለኤድና የሚደውልላት አልነበረም፤ ባይደወልላት ደግሞ ውሃው ይቀድመን ነበር፤ ሕይወቷን ያተረፋት የእሱ ሐቀኝነት ነው ይላል። ተጨበጨበልኝ። ኦቲየኖም አጨበጨበ። አላየኝም።

ወይዘሮ ኤድናም ከሆስፒታል ወጥተው ደወሉልኝ። ከእንግዲህ ያለ ምርኩዝ እንደማይራመዱ፣ ወደ ባሕሩ መውረድ እንደተከለከሉ ነገሩኝ። ከዚያ "አንተ ባትናገር ሞቼ ነበር" አሉኝ። አሜን እንደሚል ሰው ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ይህን የምታነቡ፣ ስለ መጀመሪያው ስህተት ብዙ አልጨነቅም። ተገልብጦ የመጣ ፎቶ ማንንም ያሳስታል። በኦቲየኖ ስም መግባቴም ጥፋት ነው፤ ተቀጥቼበታለሁ። የሚበላኝ የተመሰገንኩበት ነው። ሰው ላጠፋው ጥፋት ሲሰደብ ቢያንስ ስድቡን ከፍሎ ይወጣል፤ እኔ ግን ባጠፋሁት ጥፋት ነው የተጨበጨበልኝ። የት ይከፈላል? ከዚያ ወዲህ ጥፋቱን ያመነ ሰው ሲመሰገን ባየሁ ቁጥር "መቼ ነው ያወቅከው?" ብዬ ልጠይቀው ያምረኛል። ፎቶ ሲመጣልኝም መጀመሪያ የማየው የሚቆረጠውን ክፍል ሆኗል፤ ሰውዬውን፣ ልብሱን፣ ከጀርባው ያለውን ሁሉ። በማንም ስም ገብቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ግን ያን ሁለት ሰዓት አልመለሰልኝም።

ወይዘሮ ኤድና ሦስት ዓመት በየገናው እየደወሉልኝ፣ ስለ ሂሩት እየጠየቁኝ፣ ግልገሎች እንዴት እንደሆኑ እያጫወቱኝ ዝም አልኳቸው። ዘንድሮ አልቻልኩም። ሲደውሉ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ "አንድ ነገር ልንገርዎት" አልኳቸው። ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። ያጠፋሁትን መልእክት ነገርኳቸው። እንዳወቅሁ ወዲያው አልተናገርኩም፤ ያወቅሁት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በእርስዎ ሰዓት ከረፋዱ አምስት ነበር አልኳቸው።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ወይዘሮ ኤድና?" አልኩ።

"አለሁ" አሉኝ። "ማሰብ ጀምሬ ነው። በዚያ ሰዓት እኮ ለመውረድ ገና ጫማዬን አላደረግሁም ነበር።"